አረጋውያንን ማክበር ከሥራና ከሰው መካከል ማራቅ አይደለም

ከወልድያ ከተማ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው መርሳ የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ የሚዘልቀው ዋና መንገድ መሐሏን አቋርጦ ያልፋል። እንደ ማንጎና ብርቱካን ባሉ ፍራፍሬዎች በምትታወቀው በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ከባድ ጉዳይ ያለ ሽማግሌ አይፈጸምም። ጋብቻ የሚታሰረው፣ የማሳ ድንበር የሚለየው፣ ቂም የሚሽረውና ደም የሚደርቀው በአረጋውያን ፊት ነው። በሰሜን ወሎ አበጋር በመባል የሚታወቁት የእርቅ አባቶች ዕድሜ በዚህ አካባቢ ምን ያህል ክብር እንዳለው ያሳያሉ።

ይሁንና ይኸው አክባሪ ኅብረተሰብ አረጋውያን ጉልበታቸው ደከም ማለት ሲጀምር የሚያደርግላቸው አንድ ነገር ሳይታወቅ ጉዳት ሲያስከትል ይታያል። አባት ሞፈሩን ለልጁ ያስረክባል፤ እናት ጓዳዋን ለምራቷ ትለቃለች። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ለመሥራት ብድግ ባሉ ቁጥር የሚሰሙት ቃል «አንቱ ይረፉ፣ እኛ አለን» የሚል ነው። ቃሉ ከፍቅርና ከአክብሮት የመነጨ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ በሥራ ያሳለፈ ሰው በአንድ ጊዜ ከሥራና ከሰው ተለይቶ ደጃፍ ላይ ሲቀመጥ፣ ሰውነቱ ብቻ ሳይሆን መንፈሱም እየደከመ መሄዱ አይቀርም።

ድብርት ወይም በሕክምና አጠራሩ ድባቴ የእርጅና ጓዝ ነው ተብሎ የሚታለፍ ጉዳይ እንዳልሆነ የጤና ባለሙያዎች ያስረዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2023 ያወጣው መረጃ በዓለም ዙሪያ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች መካከል 5 ነጥብ 7 በመቶ ያህሉ ድባቴ እንዳለባቸው ያመለክታል። ይህም አብዛኞቹ አረጋውያን ከሕመሙ ነፃ መሆናቸውን ስለሚያሳይ፣ ድባቴ ከዕድሜ ጋር የግድ የሚመጣ ዕጣ ሳይሆን ሊታከም የሚችል ሕመም መሆኑን ያስገነዝባል።

የሕመሙ ዋና መለያ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚቆይ የማያቋርጥ ሐዘን ወይም ቀድሞ ያስደስት ለነበረ ነገር ፍላጎት ማጣት ነው። እንቅልፍ ይዛባል፣ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ሰውነት ይዝላል፣ ሐሳብን መሰብሰብ ያስቸግራል። አረጋውያን ዘንድ ግን ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በሐዘን መልክ አይገለጥም። ራሴን ያመኛል፣ ልቤን ያቃጥለኛል፣ እህል አልወርድ አለኝ የሚሉ ስሞታዎች ይቀድማሉ። ቤተሰብም «እርጅና ነው» ብሎ ስለሚያልፈው ሕመምተኛው እርዳታ ሳያገኝ ይቆያል።

ጉዳዩ በመርሳና በአካባቢው ይበልጥ አሳሳቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ። በዛሬው ጊዜ ዕድሜያቸው 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ የወሎ ሰዎች በወጣትነታቸው የ1965 እና የ1966 ዓ.ም ረሃብን አይተዋል። ጎልማሳ ሲሆኑ የ1977ቱ ድርቅ ደረሰባቸው፤ በርካቶች ከቀያቸው ተነቅለው ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ መተከል በሰፈራ ተወስደዋል። በስተርጅና ደግሞ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም አካባቢው በህወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር በነበረበት ወቅት ስደትን፣ ዘረፋንና የወገን ሞትን አሳልፈዋል። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተከሰተው ግጭትም ሌላ ስጋት ጨምሯል። ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ወደ ዓረብ አገራት መሄዳቸው በአካባቢው የተለመደ በመሆኑ፣ ልጅ ይጦረኛል ብሎ ተስፋ ያደረገ ወላጅ የልጁን ድምፅ በስልክ ብቻ እየሰማ የሚኖርበት ቤት ጥቂት አይደለም። ሐዘንና ብቸኝነት ደግሞ ለድባቴ መንገድ ከሚከፍቱ ነገሮች ዋነኞቹ ናቸው።

ታዲያ መንቀሳቀስና በሥራ መጠመድ ለዚህ ሕመም ምን ይፈይዳል? ጥያቄውን ለመመለስ ከተደረጉ ጥናቶች መካከል በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ1999 ያሳተሙት በስፋት ይጠቀሳል። ተመራማሪዎቹ ከፍተኛ ድባቴ ያለባቸውንና ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ 156 ሰዎችን በሦስት ቡድን ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን የአካል እንቅስቃሴ እንዲሠራ፣ ሁለተኛው መድኃኒት እንዲወስድ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም እንዲያደርግ ተደረገ። መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈጥኖ ለውጥ ቢያሳይም፣ ከ16 ሳምንታት በኋላ ግን ሦስቱም ቡድኖች ተቀራራቢ መሻሻል አግኝተዋል።

በአየርላንድ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ከ4 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን ለ10 ዓመታት የተከታተለና እ.ኤ.አ በ2023 የታተመ ጥናት በበኩሉ፣ በሳምንት አምስት ቀን ለ20 ደቂቃ ያህል ፈጠን ብሎ ከመራመድ ጋር የሚመጣጠን እንቅስቃሴ የሚያደርጉ ሰዎች በከፍተኛ ድባቴ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅተኛ ሆኖ መገኘቱን አመልክቷል። የጥናቱ ትልቁ ቁም ነገር ጥቅሙ የሚገኘው በትንሽ መጠንም መሆኑ ነው።

ይህ ሲባል ግን አረጋውያንን ሰብስቦ ስፖርት ማሠራት ብቻውን መፍትሔ ይሆናል ማለት አይደለም። በእንግሊዝ በ78 የአረጋውያን መጦሪያዎች ውስጥ 891 ነዋሪዎችን ያካተተና እ.ኤ.አ በ2013 የታተመ ጥናት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ በቡድን የተሰጠው የአካል እንቅስቃሴ የነዋሪዎቹን የድባቴ ምልክቶች እንዳልቀነሰ አሳይቷል። በመጦሪያ የሚኖሩት ሰዎች በአብዛኛው በጣም የደከሙና ከቤታቸውና ከቀድሞ ሕይወታቸው የተለዩ ናቸው። ሁለቱን ውጤቶች አንድ ላይ ላየ ሰው የሚሰጡት ትምህርት ግልጽ ነው። እንቅስቃሴ የሚጠቅመው አቅም ሙሉ በሙሉ ከመድከሙ በፊት ሲጀመርና የሰውየው የዕለት ኑሮ አካል ሲሆን ነው፤ ሁሉ ነገር ከቀረ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን የሚሰጥ ልምምድ የጠፋውን ኑሮ አይተካም።

የድባቴና የመቀመጥ ግንኙነት እንደ ተሽከርካሪ ጎማ ነው። ያዘነ ሰው ከቤት መውጣት ያስጠላዋል። ከቤት ባለመውጣቱ ጡንቻው ይላላል፣ ቀን እያንቀላፋ ሌሊት እንቅልፍ ያጣል፣ ወዳጅ ይርቀዋል፣ የሚያስደስተው ነገር ይጠፋል። ይህም ሐዘኑን ስለሚያከብደው ይበልጥ ይቀመጣል። ባለሙያዎች ይህን ዑደት ለመስበር የሚመክሩት ደስታው እስኪመለስ ሳይጠብቁ በትንሽ ተግባር መጀመርን ነው፤ ፍላጎት ብዙውን ጊዜ ከተግባር በኋላ ይመጣልና።

በመርሳና በመሰል አካባቢዎች ለዚህ የሚሆን ሀብት ከሩቅ አይፈለግም። ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሳለም፣ አምስቱን ሰላት በመስጊድ መስገድ የእግር ጉዞም፣ የሰውነት እንቅስቃሴም፣ ከሰው መገናኛም ነው። በወሎ ቅሬ በመባል የሚታወቀው የመረዳጃ ማኅበር፣ የጎረቤት ቡና፣ የሽምግልና ሸንጎ አረጋውያን የሚፈለጉባቸው መድረኮች ናቸው። ጓሮ የተተከለን የማንጎ ችግኝ ውኃ ማጠጣት፣ ጥጥ መፍተል፣ ዶሮ መጠበቅ፣ ለልጅ ልጅ ተረት መንገር ለጉልበት የቀለሉ፣ ለመንፈስ ግን የከበዱ ሥራዎች ናቸው። ማለዳ ከእንቅልፍ ለመነሳት ምክንያት ይሆናሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2020 ያወጣው መመሪያም ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ መውደቅን ለመከላከልም በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ሚዛንና ጡንቻን የሚያጠናክር እንቅስቃሴ እንዲጨምሩ ይመክራል። ይህን ያህል የማይችሉ ደግሞ አቅማቸው በፈቀደ መጠን እንዲንቀሳቀሱ ያሳስባል። 150 ደቂቃ ለአምስት ቀን ቢከፈል በቀን 30 ደቂቃ ነው። እንደ መርሳ ባለ ሞቃት አካባቢ ይህን ጉዞ በማለዳ ወይም ፀሐይ ስትበርድ ማድረግ ይመረጣል።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ። እንቅስቃሴ ጤና ነው ሲባል አረጋውያን በድህነት ተገደው የሚሸከሙት ከባድ ሥራ ሁሉ ይጠቅማቸዋል ማለት አይደለም። ጧሪ አጥታ በ70 ዓመቷ ማገዶ ተሸክማ የምትውል እናት የሚያስፈልጋት ተጨማሪ እንቅስቃሴ ሳይሆን ዕረፍትና ድጋፍ ነው። በ1997 ዓ.ም የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ከማኅበረሰብ አቀፍ ሥራ ነፃ የሆነ ቀጥታ ድጋፍ እንዲሰጥ የተደረገውም ለዚህ ነው። ሆኖም ከከባድ ሥራ ነፃ መሆንና ከማኅበራዊ ኑሮ መገለል የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው መታወቅ አለበት።

አረጋውያን ቤት የሚውሉት ሁልጊዜ መውጣት ስላልፈለጉ ብቻም አይደለም። የጉልበት ሕመም፣ የጆሮ መድከምና የዓይን ማነስ ብዙዎችን ያስቀራል። በ1998 ዓ.ም በኢትዮጵያ የተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት ከሕዝቡ 1 ነጥብ 6 በመቶው ዓይነ ስውር እንደሆነና ከዚህም ግማሽ ያህሉ የደረሰው በዓይን ሞራ ግርዶሽ ምክንያት መሆኑን አሳይቷል። የዓይን ሞራ ደግሞ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚገፈፍ ነው። በመሆኑም አንድ አረጋዊ ከቤት መውጣት ሲያቆም መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «ምን ከለከለው?» የሚለው ነው። አንዳንዴ ድብርት የሚመስለውን ነገር የሚያቃልለው የዓይን ሕክምና ወይም ጥሩ ምርኩዝ ሊሆን ይችላል።

በከተማ የሚኖሩ የመንግሥት ሠራተኞችም ተመሳሳይ ፈተና ይገጥማቸዋል። የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት በመሆኑ መምህሩ፣ የጤና ባለሙያውና የቢሮ ሠራተኛው ገና አቅም እያላቸው በአንድ ቀን ከመዝገብና ከባልደረባ ይለያሉ። የእነዚህን ሰዎች ዕውቀት በትምህርት ቤት፣ በቤተ መጻሕፍትና በቀበሌ የበጎ ፈቃድ ሥራ መጠቀም ለወረዳው ጥቅም፣ ለባለቤቶቹም መድኃኒት ነው። ዚምባብዌ እ.ኤ.አ ከ2006 ጀምሮ አረጋውያት እናቶችን አሠልጥና በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቁ ሰዎችን እንዲያማክሩ አድርጋለች። 573 ሰዎችን ያሳተፈውና እ.ኤ.አ በ2016 የታተመው ጥናት ይህን ምክር ያገኙ ሰዎች ከሌሎቹ የተሻለ ለውጥ ማሳየታቸውን አረጋግጧል። የሽምግልና ባህል ላላት ወሎ ልምዱ እንግዳ አይሆንም።

ሕመሙ ሲጠና ግን በእንቅስቃሴ ብቻ መተማመን አይገባም። እህል አልበላም ያለ፣ ከአልጋ መነሳት ያቃተው፣ በተለይም መኖር ሰለቸኝ ወይም ሞቴን እሻለሁ የሚል አረጋዊ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መወሰድ ይኖርበታል። ለረጅም ዓመታት የአእምሮ ሕክምና በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ተወስኖ ቢቆይም፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ በ2003 የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን መጀመሩና አገልግሎቱን ወደ ጤና ጣቢያዎች ለማውረድ የተደረገው ጥረት ሁኔታውን በማሻሻል ላይ የራሱን አስተዋጽኦ አድርጓል። ድባቴ በምክርም በመድኃኒትም የሚድን መሆኑን ቤተሰብ ሊያውቅ ይገባል።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲንከባከብ ይደነግጋል። ኃላፊነቱ ግን ከመንግሥት ጋር የሚያበቃ አይደለም። መስከረም 21 ቀን የሚታሰበው ዓለም አቀፍ የአረጋውያን ቀን በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል፤ የአረጋዊው ብቸኝነት ግን የየዕለቱ ነው። የቅሬ ማኅበራት ለቀብር ብቻ ሳይሆን ለሰነበተ አባል ጠያቂ በመመደብ፣ የሃይማኖት አባቶች ከመስጊድና ከቤተ ክርስቲያን የቀረውን አረጋዊ በማፈላለግ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በቤት ለቤት ጉብኝታቸው ስለ ስሜቱም በመጠየቅ ብዙ ሊሠሩ ይችላሉ።

ቤተሰብ ደግሞ «አንቱ ይረፉ» ከማለት «አንቱ ይምከሩን፣ ይህችን ያግዙን» ማለትን ቢያስቀድም መልካም ነው። የአረጋዊ ክብሩ የሚጠበቀው ከሥራ ሁሉ ተነጥሎ ሲቀመጥ ሳይሆን፣ ቤቱም መንደሩም እንደሚፈልገው ሲያውቅ ነው።