ሯጭ መቺን አይተካም፤ ያ ሆም ረንም ማስረጃ አይሆንም

አንድ ትልቅ የቤዝቦል መቺ በተጎዳ ቁጥር ያው ክርክር ይነሳል። «ያ ፈጣኑ አንጋፋ አለ አይደል? እሱን አስገቡት፤ በእግሩ ያካክሰዋል» ይባላል። «አይሆንም» ያለ ሰው ላይ ደግሞ አንድ ስም ይወረወርበታል፦ ራጃይ ዴቪስ። ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃ ይመስላቸዋል። እኔ ግን የሚጀምረው እዚያ ነው ባይ ነኝ።

ቤዝቦል ለማትከታተሉ ባጭሩ ላስረዳ። መቺው በዱላው መትቶ ወይም ወርዋሪው ስቶበት አንደኛው ቤዝ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አልፎ ወደተነሳበት ሲመለስ ነጥብ ነው። ፈጣን የሆነ ሰው ማንም ኳስ ሳይመታለት ወደሚቀጥለው ቤዝ ሊሮጥ ይችላል፤ ይህ «መስረቅ» ይባላል። ከተያዘ ግን አውት ነው። ቡድኑ በመደበኛ ጨዋታ ያለው 27 አውት ብቻ ስለሆነ እያንዳንዷ ታሳሳለች። በእግር ኳስ ቢሆን ጎል አግቢው ተጎድቶ በቦታው ፈጣን የክንፍ ተጫዋች እንደማስገባት ቁጠሩት።

ታሪኩ የ2016 ነው፤ ቡድኑ ክሊቭላንድ፣ የዚያን ጊዜው ኢንዲያንስ፣ የዛሬው ጋርዲያንስ። የቡድኑ ምርጥ መቺ ማይክል ብራንትሊ ቀኝ ትከሻውን ተጎድቶ በዓመቱ 11 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። በውጭ ሜዳው ላይ ብዙ የተሰለፈው የ35 ዓመቱ ራጃይ ዴቪስ ነበር። ቡድኑ ምድቡን አሸነፈ፤ ለዋንጫ ደረሰ። እንግዲህ ተከራካሪዎቹ «ተካው!» የሚሉት ከዚህ ተነስተው ነው።

ወደ ሂሳቡ እንግባ። ዴቪስ በዚያ ዓመት 43 ቤዝ ሰረቀ፤ ከአሜሪካን ሊግ አንደኛ። የተያዘው 6 ጊዜ ብቻ ነው። በዚያ ዕድሜ ይህ አጃኢብ የሚያሰኝ ነው፤ ማንም አይወስድበትም። ግን ስንት ነጥብ አመጣ? የጨዋታው ቆጣሪዎች ለብዙ ዓመታት ባደረጉት ስሌት አንድ የተሳካ ስርቆት በአማካይ የአንድ ነጥብ አንድ አምስተኛ ያህል ያተርፋል፤ የከሸፈው ደግሞ የዚያን እጥፍ ገደማ ያከስራል። አባዙትና ቀንሱት። የዓመቱ ሙሉ ትርፍ 6 ነጥብ ግድም ነው። ክሊቭላንድ በዚያ ዓመት ያስቆጠረው 777 ነው!

አሁን ደግሞ የጎደለውን እዩ። ብራንትሊ ከመጎዳቱ በፊት በነበረው ዓመት ለመምታት ከቆመባቸው 100 ጊዜያት በ38ቱ ቤዝ ላይ ይደርስ ነበር። ዴቪስ በ2016 በ31ዱ ገደማ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን መደበኛ ተሰላፊ በዓመት 600 ጊዜ ያህል ለመምታት ይቆማል፤ ስለዚህ ከ40 በላይ ተጨማሪ አውት ማለት ነው። አንደኛው ቤዝ ደግሞ አይሰረቅም። እግር ሥራውን የሚጀምረው ዱላ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው። ብራንትሊ በ2015 ብቻ 45 ጊዜ በአንድ ምት ሁለተኛው ቤዝ ላይ ደርሷል። ስርቆት የሚያንቀሳቅሰው የሰረቀውን ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ምት ግን ከፊቱ ያሉትንም ወደ ቤት ያስገባል።

«ፈጣን ሰው ቤዝ ላይ ሲቆም ወርዋሪውን ያስጨንቀዋል» የሚለውን አላጣጥልም። ያስጨንቀዋል። ነገር ግን በተጨነቀው ወርዋሪ የሚጠቀመው ማን ነው? ቀጥሎ የሚመታው! መቺ ከሌለህ ጭንቀቱን ማን ይመነዝርልሃል?

«ታዲያ ያለ ብራንትሊ እንዴት ተሳካላቸው?» ጥሩ ጥያቄ። ሆሴ ራሚሬዝ ባለፈው ዓመት ዱላው ከድቶት ከርሞ በ2016 በድንገት አበበ፤ 46 ጊዜ በአንድ ምት ሁለተኛው ቤዝ ደረሰ። ማይክ ናፖሊ 34 ሆም ረን መታ። ክፍተቱን የሞሉት ብዙ እጆች ናቸው። ክለቡ ራሱም ዴቪስ ብራንትሊን ተክቷል ብሎ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ በኦገስት መጀመሪያ ብራንደን ጋየርን፣ በወሩ መጨረሻ ኮኮ ክሪስፕን ለውጭ ሜዳው አመጣ። ደመወዝ ከፋዩ ያላመነውን እኛ ለምን እናምናለን?

ወደዚያ ሆም ረን ልምጣ፤ ሁሉም የሚመዘው እሱን ነውና። ኖቬምበር 2 ቀን 2016፣ ሰባተኛውና የመጨረሻው የዋንጫ ጨዋታ። ክሊቭላንድ በቺካጎ ካብስ 6 ለ 4 ይመራል፤ ስምንተኛው ዙር፣ ሁለት አውት። ወርዋሪው በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ በሚወረውረው ኳስ የታወቀው አሮልዲስ ቻፕማን። ዴቪስ ዱላውን አሳጥሮ ይዞ መታትና በግራ በኩል አጥሩን ለጥቂት አለፈች። 6 ለ 6። ስታዲየሙ ቀወጠ።

ድንቅ ነው። ግን እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት፦ ያ የእግር ሥራ ነበር? ኳሱ ከአጥር ውጭ ካረፈ ኤሊም ዙሪያውን ትጨርሳለች። ለፍጥነት ምስክር ብላችሁ የጠራችሁት ሰው ችሎት ገብቶ ለዱላ መሰከረ። ደግሞም አንድ ምት ነው፤ ዴቪስ በዓመቱ 134 ጨዋታ ተጫውቷል፤ የሚመዘነው በዚያ ሁሉ ነው።

በዚህ ክርክር የሚበደለው ደግሞ ራሱ ዴቪስ ነው። ለሚችለው ነገር የተቀጠረን አንጋፋ በማይችለው መስፈሪያ ሰፍሮ፣ በሚቀጥለው ዓመት «ወደቀ» ማለት ግፍ ነው። እሱ ራጃይ ዴቪስን ሆኖ ጥሩ ሠራ። ብራንትሊን ሁን ያለው ደጋፊው ነው።

የዚያን ምሽት ፍጻሜ ግን እንዳትረሱ። በአሥረኛው ዙር ካብስ 8 ለ 6 እየመራ፣ ሁለት አውት ሆኖ፣ ዴቪስ እንደገና መትቶ ጋየርን አስገባ፤ 8 ለ 7። ራሱ አንደኛው ቤዝ ላይ ቆመ። የሊጉ ቀንደኛ ቤዝ ሰራቂ፣ አቻ የምታደርገውን ነጥብ በእግሩ ይዞ። ለመምታት የመጣው ግን ለመከላከል ተቀይሮ የገባው ማይክል ማርቲኔዝ ነበር፤ በዱላው የሚታወቅ ሰው አይደለም። ወደ ሦስተኛው ቤዝ ደካማ ኳስ መታ። ክሪስ ብራያንት አነሳት፤ ወረወረ፤ አውት። ካብስ ከ108 ዓመት በኋላ ዋንጫውን ወሰደ፤ ብራንትሊ በዚያው ዓመት በኦገስት ለሁለተኛ ጊዜ ትከሻውን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ከሜዳ ውጭ ነበር።