እንግዳው ከሄደ በኋላስ?

እንደሚታወቀው በአገራችን እንደ ይፋ ጉብኝት የተለመደ ዜና የለም። የአንድ አገር ፕሬዚዳንት ቦሌ ይደርሳሉ፣ ቀይ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ሕፃናት አበባ ያበረክታሉ። ማታ ደግሞ «ሁለቱ አገሮች በንግድና በኃይል ዘርፍ ያላቸውን ግንኙነት ለማጠናከር ተስማሙ» ይባላል። ከዚያ በኋላ ወሬው ይጠፋል። ባለፈው ሴሚስተር በዜና አጻጻፍ ኮርስ ላይ እኔም ይህንኑ ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ጽፌ አስረክቤ ነበር። መምህራችን ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «ለማን?» ብለው መለሱልኝ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ያቺ አንዲት ቃል ናት።

የተወለድኩት ወረታ ነው። ወረታ መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ በመሐሏ ያልፋል፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚሄደው ደግሞ ከእሷ ይገነጠላል። ይህን ሁለተኛውን ሰው «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ልጅ ሆኜ ስሙ የመጣው ቻይናዎች ስለሠሩት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን ከአንድ ጉብኝት ይጀምራል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም ፔኪንግ ሄደው ከማኦ ዜዱንግ ጋር ተገናኙ። በዚያው ጉብኝት የንግድና የኢኮኖሚ ትብብር ስምምነት ተፈረመ፤ ቻይናም ያለ ወለድ ብድር ሰጠች። የወረታ ወልድያ መንገድ የዚያ ብድር ፍሬ ነው። ንጉሡ ግን መንገዱን አላዩትም፤ ሥራው የተሠራው በደርግ ጊዜ ነው። እንግዲህ የዚያን ጉብኝት ዜና በዕለቱ የጻፈ ጋዜጠኛ ስለ ወረታ አንድ ቃል ሊጽፍ አይችልም ነበር። የወረታን ነገር ማወቅ የሚችለው ከዓመታት በኋላ ተመልሶ የጠየቀ ሰው ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ እንያዝ። መንገዱ ከአዘዞ ተገንጥሎ በመተማ በኩል ሱዳን ይገባል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከሱዳን ነዳጅ መግባት ሲጀምር ቦቴዎቹ በዚሁ መንገድ ነበር የሚመጡት። በኅዳር 2006 ዓ.ም ደግሞ ፕሬዚዳንት ኦማር አልበሽርና ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ገዳሪፍ ላይ ተገናኝተው ከኢትዮጵያ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ መስመር መረቁ። 100 ሜጋ ዋት፣ ኪሎ ዋት ሰዓቱም በ5 የአሜሪካ ሳንቲም ተባለ። በመጋቢት 2009 ዓ.ም አልበሽር ለሦስት ቀን ይፋ ጉብኝት አዲስ አበባ መጡ፤ ሁለቱን አገሮች በኢኮኖሚ ስለ ማስተሳሰር ብዙ ተነገረ።

ከዚያስ? በሚያዝያ 2011 ዓ.ም አልበሽር ከሥልጣን ወረዱ። በ2013 ዓ.ም በአልፋሽቃ ምክንያት ድንበሩ ጦር የሚማዘዙበት ሆነ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም ሱዳን ውስጥ ጦርነት ፈነዳ፤ በዚያው ዓመት ክረምት የእኛም ክልል ግጭት ውስጥ ገባ። የኤሌክትሪኩ ክፍያ ዘግይቷል የሚል ዜናም በተደጋጋሚ ሰምተናል። በምረቃው ዕለት ካሜራ ተሸክሞ ከሄደው ሁሉ፣ ስምምነቱ ምን ላይ ደረሰ ብሎ የተመለሰው ስንቱ ነው?

ጥያቄው ለእኛ ለፎገራዎች ሩቅ አይደለም። ርብና ጉማራ ሜዳችንን አቋርጠው ጣና ይገባሉ፤ ክረምት ሲሞሉም ማሳ ያጥለቀልቃሉ። በግንቦት 2002 ዓ.ም የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት ያለው ጣና በለስ የሚሠራው ከጣና በተቀዳ ውኃ ነው። ወደ ሱዳን በሄደው መብራት ውስጥ የእኛም ጎርፍ አለበት ብል አጋነንክ አትበሉኝ።

ባለፈው ጥር ለእረፍት ቤት ሄጄ ከአባቴ ጋር አራት ኩንታል ሩዝ ይዘን መፈተጊያ ቤት ሄድን። ወረፋችን ሊደርስ ሲል መብራት ጠፋ። ጆንያው ላይ ተቀምጠን ዋልን፤ በማግስቱም እንደዚያው። ባለ ማሽኑ «ጄኔሬተር ላስነሳ እችላለሁ፤ የናፍጣው ዋጋ ግን እናንተው ላይ ነው የሚያርፈው» አለን። አባቴ አሰበና «እንጠብቅ» አለ። ከጎናችን ባለች ሻይ ቤት በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ስለ ኤሌክትሪክ ሽያጭ ያወራል። ወረፋ የያዙ አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ጋዜጠኛ ልትሆን ነው አሉ፤ እስቲ ይኼ የሚሸጠው መብራት በየት በኩል ነው የሚሄደው?» አሉኝ። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ መልስ አልነበረኝም። አፈርኩ።

መብራቱ የጠፋው ለጎረቤት ስለተሸጠ ነው ማለቴ አይደለም። ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ እስከ መፈተጊያ ቤት የሚያደርሰው ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር ሌላ ነገር ነው። አንዱ ሞልቶ ሌላው ሊጎድል ይችላል። ሽያጩም የውጭ ምንዛሪ ያመጣል፤ ክፉ ነገር አይደለም። ክፉው ነገር እነዚህን ሁለት ጉዳዮች ለያይቶ ለሽማግሌው የሚያስረዳ ዜና አለመኖሩ ነው። ሰው ካልተነገረው የራሱን ምክንያት ይፈጥራል፤ ያም ሐሜት ይሆናል።

ጉብኝቱ ደግሞ ገና ይበዛል። ከኅዳር 2015 ዓ.ም ጀምሮ ኬንያም ከእኛ ኤሌክትሪክ ትገዛለች። 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ሲመረቅ የጎረቤት አገሮች መሪዎች ተገኝተው ነበር። ስለዚህ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። እያንዳንዳችን አንድ ስምምነት እንያዝ። በስንት ተሸጠ? ክፍያው ገባ ወይ? ገንዘቡስ ምን ላይ ዋለ? እነዚህን በየዓመቱ እየጠየቅን በዚሁ መጽሔታችን ላይ «ምን ደረሰ?» በሚል ዓምድ ብንጽፍስ? ባለሥልጣን ዘንድ መግባት ቢያቅተን እንኳ ሾፌሩ፣ ነጋዴው፣ ባለ ማሽኑ አሉ። እነሱ ቀጠሮ አይጠይቁም።

ለሽማግሌው ጥያቄ አሁን መልስ አለኝ፦ ከባሕር ዳር በጎንደር፣ ከዚያ በመተማ አድርጎ ገዳሪፍ። ለፋሲካ ስሄድ እነግራቸዋለሁ። ቀጥለው «ታዲያ ወደ እኛስ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ደብተሬን ይዤ ነው የምሄደው።

ቸር እንሰንብት!