ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብና ስሙ የማይነገር ለጋሽ

ዛሬ በስብሰባ ላይ የማይነሳውን፣ በየቤቱ ግን ብዙ እንባ የሚያስፈስሰውን ልጅ የማጣት ጉዳይ እናነሳለን።

እኛ በማኅበራዊ ሥራ የተሰማራን ሰዎች በቂርያት መላኪ፣ በገዴራና በያቭኔ ይህን ደጋግመን እናያለን። ከሠርጉ አምስት ስድስት ዓመት ያልፋል። የባል እናት «ምነው ዝም አላችሁ?» ማለት ትጀምራለች። ጥፋቱ ሁሉ በሴቲቱ ላይ ይጫናል። ባልና ሚስቱ ወሬው ዘመድ ጆሮ እንዳይገባ ይደብቃሉ፤ ወደ ሐኪም ሲሄዱ እርሷ አርባ ዓመት አልፏታል።

እንደሚታወቀው በላቦራቶሪ የተፀነሰ የመጀመሪያው ልጅ በእንግሊዝ አገር በ1978፣ በእስራኤል ደግሞ በ1982 ተወልዷል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1995 ሥራ ላይ የዋለው የጤና መድን ሕግ በእብራይስጥ «ሃፍራያ» የሚባለውን ይህን ሕክምና እስከ ሁለት ልጅ ድረስ ይሸፍናል። ሴቲቱ በራሷ እንቁላል እስከ 45 ዓመት፣ በተለገሰ እንቁላል እስከ 54 ዓመት መታከም ትችላለች። ስለዚህ ትልቁ እንቅፋት ጊዜ ነው። ከ40 በኋላ በራስ እንቁላል የመፀነስ ዕድል በፍጥነት ይቀንሳል። ሐኪሞች አንድ ዓመት ሞክረው ያልተሳካላቸው፣ ሴቲቱ ከ35 በላይ ከሆነች ደግሞ ስድስት ወር የሞከሩ ጥንዶች ይመርመሩ ይላሉ። ከችግሩ ግማሽ ያህሉ የወንዱም ድርሻ ያለበት በመሆኑ ባልም መመርመር አለበት።

ዘግይተው ለሚመጡ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ምርጫ ልገሳ ነው። የእኛ የተለየ ጥያቄም ከዚህ ይጀምራል። አባቶቻችን ሰባት ቤት ቆጥረው ነው ያጋቡን፤ ሽማግሌ ተጠይቆ ዘር ሳይጣራ ሠርግ አይደገስም ነበር። የወንድ ዘር ለጋሽ ማንነት ግን በእስራኤል በምስጢር ይያዛል። ከማኅበረሰባችን የሚገኙ ለጋሾችም በጣም ጥቂት ናቸው። ከአንድ ለጋሽ የተወለዱ ሁለት ልጆች አንዱ በገዴራ፣ ሌላዋ በቂርያት መላኪ ቢያድጉና ቢፈላለጉ ሽማግሌው ማንን ይጠይቅ?

በ2010 የወጣው የእንቁላል ልገሳ ሕግ ለዚህ መንገድ አበጅቷል። መዝገብ አቋቁሟል፤ ሊጋቡ የሚፈልጉ ሰዎች ዝምድና እንደሌላቸው ማጣራት ይቻላል። የወንድ ዘር ልገሳ ግን የሚመራው በጤና ሚኒስቴር መመሪያ ነው። በአገር ውስጥ የሚለገስ እንቁላል ጥቂት በመሆኑም ብዙዎች ከውጭ አገር ያገኛሉ። ያን ጊዜ ደግሞ ብዙ ረቢዎች ልጁን ጊዩር ያስፈልገዋል ይላሉ። በ1985 ይሁዲነታችን ተጠርጥሮ በኢየሩሳሌም በራባኑት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ለተቀመጥን ሰዎች ይህ ቃል ቀላል አይደለም።

ሌላው ነገር እምነት ነው። በ1996 የሰጠነው ደም መደፋቱ ተገለጠ። በታኅሣሥ 2012 በቴሌቪዥን የቀረቡ እናቶች ዴፖ ፕሮቬራ የተባለውን የወሊድ መከላከያ መርፌ በቂ ማብራሪያ ሳይሰጣቸው መወጋታቸውን ተናገሩ። በጥር 2013 የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ትርጉሙን በሚገባ ላልተረዳች ሴት ማዘዣው እንዳይታደስ ለኩፓት ሆሊም ጻፉ። የመንግሥት ተቆጣጣሪ በ2016 መርፌው በግዳጅ ለመሰጠቱ ማስረጃ አላገኘሁም ቢልም የእናቶቹ ጥርጣሬ አልጠፋም። በዚህ ምክንያት ዛሬ ልጅቷ ወደ ሕክምናው ስትሄድ እናቷ «ምን ሊያደርጉሽ ነው?» ብትላት አንፈርድባትም።

ወደፊትስ? በ2016 የጃፓን ተመራማሪዎች ከአይጥ ጅራት ቆዳ እንቁላል ሠርተው ጤነኛ አይጦች ተወልደዋል። በሰው ላይ ከተሳካ ለጋሽ ፍለጋው ሊቀር ይችላል። ነገር ግን ዛሬ 38 ዓመት የሆናት እህታችን ያንን ቀን ልትጠብቅ አትችልም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ባልና ሚስት በጊዜ፣ አብረው ይመርመሩ። ሁለተኛ፣ ባልገባን ቋንቋ በተጻፈ ወረቀት ላይ አንፈርም፤ የጤና ተቋማት በሚገባን ቋንቋ እንዲያስረዱን የሚያዝዝ የ2011 መመሪያ አለ፣ አስተርጓሚ እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ ቄሶቻችን፣ ሽማግሌዎቻችንና በክነሴት ያሉ ተወካዮቻችን ስለ ልገሳ በግልጽ ይነጋገሩ፤ ከጋብቻ በፊት ዝምድና የሚጣራበት መዝገብ ለወንድ ዘር ልገሳም እንዲኖር ይጠይቁ። ሰባት ቤት መቁጠር ጥበብ ነበር፤ መዝገቡ ካለ ዛሬም ልንቆጥር እንችላለን።

አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። መድኃኒቱ በአቅራቢያችን በሬሖቮት፣ በካፕላን ሆስፒታል አለ፤ እኛ ግን ገና አልተነጋገርንም። አምላክ እስራኤል ደጅ የሚጠኑትን ሁሉ ልጅ ያሳቅፋቸው።