የኢኮኖሜትሪክስ መማሪያ መጽሐፍ በምን ይመረጣል?

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን በአምባሰል የግሸን ማርያምን በዓል ለማክበር ብዙ ሕዝብ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። አንድ ተማሪ ወደ አምባው በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ ገበያ የጤፍን ዋጋ በየሳምንቱ መዘገበ እንበል። ተሳላሚው በበዛበት ሳምንት ዋጋው ከፍ ብሎ አገኘው። ታዲያ ጤፉን ያስወደደው ተሳላሚው ነውን?

መስከረም የመኸሩ ሰብል ገና ያልተሰበሰበበት፣ ጎተራ የሚጎድልበት ወር ነው። ስለዚህ በዓሉ ባይኖርም እህል ሊወደድ ይችላል። ተማሪው ወቅቱን ከስሌቱ ካስቀረ የወቅቱን ዕዳ በተሳላሚው ላይ ይጭናል። ከመንገዱ የራቀ ተመሳሳይ ገበያ መርጦ በሁለቱ የታየውን የዋጋ ለውጥ ቢያነጻጽር ግን ወደ እውነቱ ይቀርባል። በቁጥር ተደግፎ መንስኤን ከአጋጣሚ መለየት፤ የኢኮኖሜትሪክስ ቁም ነገሩ ይኸው ነው።

የመጽሐፍ ምርጫም በዚሁ ሊመዘን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው የኩትሶያኒስ መጽሐፍ በንድፈ ሐሳብ የጠነከረ ነው። በ1978 የወጣው የጉጃራቲ መጽሐፍ ስሌቱን ደረጃ በደረጃ ያስረዳል። በ2000 የታተመው የውልድሪጅ መጽሐፍ ደግሞ «ሌሎች ነገሮች ባሉበት ቢጸኑ» የሚለውን ጥያቄ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ያነሣል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ጀማሪ በውልድሪጅ ቢጀምርና ስሌቱ ሲከብደው ጉጃራቲን ቢያመሳክር ይጠቀማል። «የሒሳብ ማረጋገጫ ይቅደም» የሚሉ አሉ። ማረጋገጫው አስፈላጊ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ጥያቄውን ያልተረዳ ተማሪ ቀመሩን በቃሉ ይዞ ፈተና ያልፋል እንጂ የተሳሳተ ድምዳሜን ለይቶ አያውቅም። ነገ የእርዳታንና የዋጋን ፖሊሲ የሚመክረው ይኸው ተማሪ ነውና ጉዳቱ ለእርሱ ብቻ አይሆንም።

የውልድሪጅም ጉድለት አለበት፤ ብዙዎቹ ምሳሌዎቹ የአሜሪካ ናቸው። ይህን ጉድለት በአገራችን መረጃ መሙላት ይቻላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች ተቋማት ጋር ያካሄደው የኢትዮጵያ ገጠር ቤተሰቦች ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2009 በ15 የገጠር ቀበሌዎች የሚኖሩ ቤተሰቦችን ኑሮ በተከታታይ መዝግቧል። የመጽሐፉን መልመጃ በዚህ መረጃ የሠራ ተማሪ የቁጥሮቹን ምንነት ከኑሮው ያውቀዋል።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፣ መጽሐፍ ከመግዛታችሁ ወይም ፎቶ ኮፒ ከማስነሣታችሁ በፊት የግሸኑን ጥያቄ ይዛችሁ ግለጡት። ስሌቱን ብቻ አሳይቶ ወቅቱን እንድትጠይቁ የማያደርግ ከሆነ ለመጀመሪያ መጽሐፍነት አይበቃም።