ሐውልትና ቀለም ፍርዳቸው አንድ ነውን?

«ሥዕል» የሚለው ቃል በተነሣ ቁጥር «ሐራም ነው» ብለው ነገሩን የሚዘጉ ወላጆች በመካከላችን ጥቂት አይደሉም። ልጁ ተራራና ወንዝ ቢስልም፣ የሰው ምስል ቢቀርጽም ለእነርሱ አንድ ነው፤ ቀለሙ ይጣላል፣ ደብተሩ ይቀደዳል። ለመሆኑ ይህ ፍርድ የሸሪዓ ነው ወይስ የእኛ ችኮላ?

እስቲ አንድ ምሳሌ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1889 ፓሪስ ውስጥ ሁለት ፈረንሳውያን ሥራዎቻቸውን በአንድ አዳራሽ በጋራ አሳዩ። ቀራጺው ኦጉስት ሮዳን 36 ቅርጾችን አቀረበ፤ የስድስት ሰዎች ሐውልት የሆነው «የካሌ ነዋሪዎች» አንዱ ነበር። ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ ደግሞ 145 ሥዕሎችን ሰቀለ። አብዛኞቹ ባሕርን፣ ገደልንና ዛፍን፣ በላያቸውም የሚለዋወጠውን ብርሃን በቀለም የሚያሳዩ ነበሩ። የሮዳን ሐውልት ከፊት ቆሞ ሥዕሎቹን ስለጋረደበት ሞኔ ክፉኛ አዝኖ ነበር።

እኛም ቤት የሆነው ይኸው ነው። የሐውልቱ ክልከላ ቀለሙን ጋርዶብናል።

ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) ዘንድ በእጁ ሥራ የሚተዳደር አንድ ሠዓሊ መጥቶ በጠየቃቸው ጊዜ፣ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ብርቱ ማስጠንቀቂያ ነገሩት። ሰውየው ሲደነግጥ ግን ባዶ እጁን አልሰደዱትም፤ ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሥል መከሩት። በእየሩሳሌም የሚገኘው ቁበቱ ሰኽራ ግድግዳዎች በባለ ቀለም ጠጠር በተሠሩ ዛፎች አጊጠዋል። እ.ኤ.አ. ከ705 እስከ 715 በገዙት በአል-ወሊድ ዘመን የታነጸው የደማስቆ ታላቅ መስጊድም ወንዝ፣ ዛፍና ቤት ተሥሎበታል። የሰውም የእንስሳም ምስል ግን የለበትም። ቀደምቶቻችን ወሰኑን ጠብቀው ውበቱን አልተዉም።

ነፍስ ያለውን በወረቀት ላይ መሣልን በተመለከተ ዑለሞች በዝርዝሩ ይለያያሉ፤ እርሱን ለባለ ዕውቀት እንተወው። «በሩን ከከፈትንለት ነገ ሐውልት ይቀርጻል» የሚል ወላጅ ግን ይኖራል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። የተፈቀደውን «ሐራም» ያልነው ልጅ፣ አድጎ እውነቱን ሲያውቅ፣ በእርግጥ ሐራም የሆነውንም ስንነግረው አያምነንም። ሐላልን ሐራም ማለት በራሱ ቀላል ወንጀል አለመሆኑንም አንርሳ።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ሥዕል ይዞ ሲመጣ ከመቅደዳችሁ በፊት ተመልከቱት። ዛፍ ከሆነ፣ ሰማይ ከሆነ፣ የዛፉንና የሰማዩን ፈጣሪ አስታውሱት፤ ቀለሙንም መልሱለት።

ወላሁ አዕለም።