ጭቃ ያሳፍራልን?

ቤት ለመሥራት ያሰበ መምህር፣ ወይም በቅርቡ ተመርቆ ሥራ የያዘ ወንድማችን፣ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ብሎኬት ስንት ገባ? ሲሚንቶስ?» ብሎ ነው። ከሌላ ነገር ይሠራ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ያጠራቀመው ገንዘብ መሠረቱን አውጥቶ ግድግዳው ወገብ ሲደርስ ያልቅበታል፤ ፌሮው ዝናብ እየመታው ይዝጋል፣ ባለቤቱም የቤት ኪራይ እየከፈለ ዓመታት ያልፋሉ። በበኩሌ ይህን ሁሉ ያመጣው የደመወዝ ማነስ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። አፈርን መናቃችንም አለበት።

ይህን ስል «እንግዲያው ወደ ጭቃ ቤት እንመለስ ትላለህን?» የሚል አይጠፋም። ለመሆኑ ከጭቃ ቤት መቼ ወጣንና ነው የምንመለሰው? የአዲስ አበባ ስንቱ ሰፈር የቆመው በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ በጭድ በተቦካ ጭቃም አይደለምን? ዳሩ ግን የምናገረው ስለዚያ ቤት አይደለም። የዚያ ቤት ሕመሙ የታወቀ ነው፤ መሬት ውስጥ የገባው እንጨት ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ ቤቱ ሲያዘም ምርጉ ይረግፋል። ልብ በሉ፤ አስቀድሞ የሚሞተው እንጨቱ እንጂ አፈሩ አይደለም።

እንጨቱን ያስወገደ የአፈር አሠራር አለ። ቀይ አፈር በወንፊት ይነፋል፤ ከመቶ ከ5 እስከ 10 እጅ የሚሆን ሲሚንቶ ይደባለቅበታል፤ በጥቂት ውሃ ረጥቦ በመጭመቂያ መኪና ይጨመቃል። እሳት አያስፈልገውም። ጥላ ሥር ተሸፍኖ፣ ውሃ እየተርከፈከፈበት ለጥቂት ሳምንታት ከቆየ በኋላ ለግንብ ይደርሳል። ሃይድራፎርም በሚል የደቡብ አፍሪካ ስም የምናውቀው ብሎኬት የዚሁ ዓይነት ነው፤ ጠርዙ እርስ በርሱ እየተገጣጠመ ስለሚሄድ በየመካከሉ የሚገባውን የሲሚንቶ ቡኬት ያስቀራል። ውፍረት ያለው የአፈር ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ለሌሊት ያቆያል፤ የአዲስ አበባን የኅዳር ሌሊት በብሎኬት ቤት ያሳለፈ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቀዋል።

ነገሩ የባዕድ ወሬ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ የአርክቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ከዙሪክ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ2010 እ.ኤ.አ. ባለ አንድ ፎቅ የአፈር ቤት ሠርቶ አሳይቷል። ፎቁን የተሸከመው ከስስ የአፈር ጡቦች የተገነባ ቅስት ነው። ታዲያ ይህን አይተን ስንመረቅ ለራሳችን የምንሠራው ምንድን ነው? ያው ብሎኬት! አንድ ጓደኛዬ ምክንያቱን ሳይሸሽግ ነገረኝ፤ «አማቴ ጭቃ ቤት አገባሁ ይላሉ» አለኝ። ምሁር የተባለው ሰው የሚፈራው ዝናቡን ሳይሆን አማቱን ሆኖ ተገኘ።

በእርግጥ አፈር ሁሉ አይሆንም። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ዋልካ መሬት የደረሰው ሰው ቀይ አፈር ማስመጣት ይኖርበታል፣ የጭነቱም ዋጋ ትርፉን ሊበላው ይችላል። አፈሩን ለመለየት የመጀመሪያው ምርመራ ቀላል ነው፤ በጠርሙስ ውሃ ውስጥ በጥብጦ ማስቀመጥ ነው፤ አሸዋው ቀድሞ ይዘቅጣል፣ ጭቃው ከላይ ይቀራል፣ መጠናቸውም በዓይን ይታያል። መሠረቱ ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ካልተገነባ፣ የጣሪያውም ክፈፍ ራቅ ብሎ ካልወጣ ግን ከብሎኬቱ ጥንካሬ ብዙ አንጠብቅ። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ ተሰምቷልና፣ ግንበኞች ቶፕ ታይ ቢም የሚሉትን ፌሮ የገባበት ማሰሪያ በግድግዳው ራስ ላይ ዙሪያውን ማድረግም ግዴታ ነው። በዚህ ላይ ሲሚንቶ የሚቆጥብ ሰው ቤቱን ባይሠራ ይሻለዋል።

ለአንድ ሰው መኪናውን መግዛት የማይታሰብ ነው። ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት መምህራን በማኅበር ሆነው ቢከራዩት ግን አባቶቻችን በደቦ ካደረጉት የተለየ ነገር አይሆንም። የምህንድስናና የአርክቴክቸር ተማሪዎችም ከየቦታው የሚመጣላቸውን አፈር ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ሙከራ ቢመረምሩ፣ ሥራው ለእነርሱ ትምህርት፣ ለመምህሮቻቸው ደግሞ እርዳታ ይሆናል። የተማሪዎች ማኅበራችን ጉዳዩን በሚቀጥለው ስብሰባው ላይ አንሥቶ ለመምህራኑ ማኅበር ደብዳቤ እንዲጽፍ አሳስባለሁ። የራሱን አፈር በጠርሙስ ይዞ የሚመጣ መምህር ካለም ቤተ ሙከራው እንዲከፈትለት ከአሁኑ ፈቃድ ይጠየቅ።