ዋሻና ውቅር፦ ስም ሲዛባ ባለሙያው ይረሳል

በትርኢት አዳራሾች በሚለጠፉ መግለጫዎች፣ በአንዳንድ የማስተማሪያ ጽሑፎችና በአስጎብኚዎች አንደበት ሳይቀር «የላሊበላ ዋሻ አብያተ ክርስቲያናት» የሚል አነጋገር ደጋግሞ ይሰማል። አነጋገሩን የነቀፈ ሰው ቢኖር የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «ዋሻም ተባለ ውቅር ያው የድንጋይ ቤት ነው፤ በቃል መነታረክ ምን ይጠቅማል?» ይባላል። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ለዚሁ ጥያቄ ምላሽ ለመስጠት ነው። ሁለቱ ቃላት አንድ አይደሉም። አንድ የሚያደርጋቸውም ሳያውቀው የሰውን ድካም ለተፈጥሮ አሳልፎ ይሰጣል።

ዋሻ የሥነ ምድር ቃል ነው። ሰው ከመድረሱ በፊት ተፈጥሮ በአለት ውስጥ የከፈተችው ባዶ ስፍራ ነው። ለዚህ በባሌ የሚገኘው ሶፍ ኡመር ታላቅ ምስክር ነው። የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን እያሟሟና እየሸረሸረ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መተላለፊያ አበጅቶበታል። በውስጡ የቆሙትን ግዙፍ ምሰሶዎች ያየ ሁሉ የአናጺ እጅ ያረፈባቸው ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ምሰሶዎቹ ውሃው ሳይወስዳቸው የቀሩ አለቶች እንጂ ማንም ያቀዳቸው አይደሉም። የሶፍ ኡመር ውበት ድንቅ ነው፤ ኪነ ሕንፃ ግን አይደለም።

ውቅር በአንጻሩ የኪነ ሕንፃ ቃል ነው። ወፍጮ ስትወቅር የኖረችው የገጠር እናት ትርጉሙን ከማናችንም አሳምራ ታውቀዋለች፤ መውቀር በእጅ፣ በመሣሪያና በትዕግሥት የሚፈጸም ሥራ ነው። ግንበኛ ከመሠረት ተነሥቶ ሽቅብ ይወጣል፤ ወቃሪ ከጣሪያ ጀምሮ ቁልቁል ይወርዳል። ግንበኛ ድንጋይ ይጨምራል፤ ወቃሪ ይቀንሳል። ግንበኛ የተበላሸበትን ድንጋይ አውጥቶ በሌላ ይተካል፤ ወቃሪ ግን አንድ ጊዜ የቆረሰውን አይመልስም። 12 ሜትር ያህል በጠለቀ ጉድጓድ ውስጥ በመስቀል ቅርጽ የቆመው ቤተ ጊዮርጊስ ሊገኝ የቻለው ምሰሶው፣ ቅስቱና መስኮቱ ሁሉ ገና አለቱ ሳይነካ በባለሙያዎቹ አእምሮ ውስጥ ስለተሣለ ነው። ይህን ሥራ «ዋሻ» ብሎ መጥራት ይህን ሁሉ አሳብ መካድ ነው።

«ታዲያ በዋሻ ውስጥ ያለ ቤተ ክርስቲያን የለምን?» የሚል ይኖራል። አለ፤ ልዩነቱንም ጎልቶ የሚያሳየን እርሱ ነው። ከላሊበላ ብዙም የማይርቀው ይምርሐነ ክርስቶስ በተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ የታነጸ ነው። ግድግዳው እንጨትና ድንጋይ በየረድፉ እየተፈራረቁ የተሠራ፣ የአክሱምን የግንባታ ስልት የተከተለ ሕንፃ ነው። በዋሻ ውስጥ ይገኛል እንጂ ራሱ ዋሻ አይደለም። ከዚያ ተመልሰን ቤተ አማኑኤልን ስናይ የእነዚያኑ የእንጨትና የድንጋይ ረድፎች መልክ በግድግዳው ላይ እናገኛለን። ነገር ግን እንጨት የሚባል የለበትም፤ ሁሉም ከአንድ አለት የተወቀረ ነው። ባለሙያዎቹ የቀደመውን የግንባታ ጥበብ አጥንተው በአዲስ ስልት ገለጹት እንጂ ከተዘጋጀ ዋሻ አልገቡም። ቤተ አባ ሊባኖስ ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለ ይመስላል፤ ግድግዳዎቹ ከአለቱ ሲላቀቁ ጣሪያው ከተራራው ጋር እንደተያያዘ ቀርቷል። እርሱም ቢሆን የእጅ ሥራ፣ ማለትም ውቅር ነው።

ነገሩ የስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላከራከረ ነበር። የይምርሐነ ክርስቶስ ሕንፃ ዋሻው ከዝናብ ይጋርደዋል፤ የላሊበላ ውቅሮች ግን ከሰማይ በታች የተጋለጡ ናቸው፤ በዙሪያቸው ያለው ጉድጓድም ውሃ ይሰበስባል። የጥንቶቹ ወቃሪዎች ይህን ተረድተው የውሃ መውረጃ ቦዮችን አብረው ፈልፍለዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት እነዚህ ሥራዎች ዛሬ በስንጥቅና በእርጥበት ይሠቃያሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአንዳንዶቹ ላይ የተተከሉት መጠለያዎችም ራሳቸው ስጋትና ክርክር አስነሥተዋል። «ዋሻ ነውና ራሱን ይጠብቃል» የሚል አስተሳሰብ የተጠናወተው ሰው የዚህን ችግር ክብደት ሊረዳ አይችልም። አለቱና ሕንፃው አንድ አካል ስለሆኑ ቅርሱን ለመጠበቅ የሥነ ምድር ሊቁና የኪነ ሕንፃ ባለሙያው ጎን ለጎን መቆም አለባቸው።

መላእክት ረድተው ሠሩ የሚለው ትውፊት እንኳ የሰውን ድርሻ አይክድም፤ ሰዎች ቀን ቀን ሲሠሩ መላእክት ሌሊት ይተኳቸው እንደነበር ይተርካል እንጂ። ትውፊቱ ያልነፈጋቸውን ዋጋ እኛ በአንዲት ግድየለሽ ቃል ልንነፍጋቸው አይገባም።

ስለዚህ መምህሩ በክፍሉ፣ ሠዓሊው በሥዕሉ ግርጌ፣ ሕዝብን የሚያስተምረው ካድሬም በመድረኩ ላይ ተፈጥሮ የከፈተችውን ዋሻ፣ ሰው የወቀረውን ውቅር ብለው በየስሙ ይጥሩ። ስማቸው ያልተመዘገበላቸው እነዚያ ወቃሪዎች ከእኛ የሚጠብቁት ውለታ ቢያንስ የሥራቸው ስም በትክክል እንዲጠራ ነው።